ያልተከፈተው የቱነይድባ መስኮት

ስንፍና በሰው አምሳል ቢፈጠር ኖሮ የእኔን ቦርጭ ይዞ ነበር የሚመጣው። ይህን የምለው ራሴን ለማዋረድ አይደለም፤ ያ ስክሪፕት ለምን እንደተጻፈ እንዲገባችሁ ነው።

ገዳሪፍ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ስድስት ኮምፒውተሮችን እጠብቃለሁ። አንዳቸውም አጠገቤ የሉም። አንዱ ገላባት ነው፣ አንዱ ዶካ፣ አንዱ ሾዋክ፣ አንዱ ካሰላ፣ አንዱ መንደር 8፣ የመጨረሻው ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ። ሰርቨር ሲባሉ ትልቅ ነገር ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የስኳር ቆርቆሮ ያህል ናቸው። ሥራቸው ጣሪያ ላይ ካለው የሳተላይት ሳህን የሚወርደውን ኢንተርኔት ለሰፈሩ ሰው በሰዓት ማካፈል ነው። የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ የስልክ ኔትወርክ እንደ ኩሩ አማች ሆኗል፤ ሲሻው ብቅ ይላል፣ ሲሻው ወር ይጠፋል። ስለዚህ ሰው የልጁን፣ የባሉን፣ የወንድሙን ወሬ የሚያገኘው በእነዚህ ቆርቆሮዎች በኩል ነው። ገበያውም «ባሽሙሃንዲስ» ይለኛል፤ በሱዳን ወግ ዋና መሐንዲስ እንደማለት ነው። ዲግሪውን የሰጡኝ ሻይ ሲጠጡ የነበሩ ሰሊጥ ጫኞች ናቸው፤ እስካሁን የነጠቀኝ የለም።

ድሮ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ሰርቨር ከላፕቶፔ ሆኜ ተራ በተራ እከፍት ነበር። ስድስት ጊዜ አድራሻ፣ ስድስት ጊዜ ስም፣ ስድስት ጊዜ የይለፍ ቃል። ጀምሬ እስክጨርስ የተላጨሁት ጢም መልሶ ያድጋል። ሰለቸኝና አንድ ቀን ዊንዶውሱ ላይ ኖትፓድ ከፍቼ ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች ጻፍኩ፣ ስክሪፕት የሚሉት እሱን ነው፤ አድራሻውንም ስሙንም ቃሉንም እዚያው አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ምልክት ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ ስድስት ጥቁር መስኮቶች እንደ ተጠራ አሽከር ተከታትለው ብቅ ይላሉ። ሻዬን እንኳ አማስዬ አልጨርስም።

ጠቢብ ያደረገኝ ግን መስኮቶቹ ሲከፈቱ ያየሁት አይደለም። ያልተከፈተው ነው የሚያወራው። ዶካ ካልተከፈተ የሶላሩ መስታወት አቧራ ጠጥቷል። ገላባት ካልተከፈተ ፍየል ሽቦ በልታለች። ካሰላ ካልተከፈተ ጠባቂው ማሽኑ በሙቀት እንዳይታመም ብሎ አስተኝቶታል፤ ስንት ጊዜ ብነግረው «እሱም ነፍስ አለው» ነው መልሱ። ቱነይድባ ካልተከፈተ ግን ሰው ሞቷል።

ይህ የእህቴ ሕግ ነው። እህቴ ታላቄ ናት። ከድንበሩ ወዲያ፣ ከአገራችን፣ ጦርነት ሲያባርራት በመንደር 8 በኩል ገብታ ቱነይድባ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እኔ ዘንድ ገዳሪፍ እንድትኖር ለምኛት ነበር። «አንተ ዘንድ ብመጣ በቀልድህ እሞታለሁ፤ እዚሁ በሰው ሞት ልሙት» አለችኝ። ካምፑ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች፤ ሰርቨሩም እሷ ሻይ ቤት ጥግ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። በአካባቢዋ ሰው በሞተ ቁጥር ታጠፋዋለች። «ጎረቤት እያለቀሰ ጎረምሳ ኳስ እያየ አይጮህም» ነው ክርክሯ። አጥፍታም ዝም አትለውም፣ ነጠላዋን ታለብሰዋለች፤ እሱም እንደ ለቀስተኛ ተከናንቦ ይቀመጣል። ከማጥፋቷ በፊት ግን ሳትደውልልኝ ቀርታ አታውቅም። «ዛሬ ለቅሶ አለ። ላጠፋው ነው፣ እንዳትደነግጥ» ትለኛለች።

አንድ ልጅ አላት። የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀመር የግንባታ ሥራ ፍለጋ ካርቱም ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥይት ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ሲገፋው ከርሞ የመጨረሻ መልእክቱን የላከው በዝናቡ መግቢያ ነው፦ «እማ፣ ነገ በሎሪ ልንወጣ ነው። መንገዱ ታማም ነው ብለዋል።» መንገዱ ታማም ነው፣ ሰላም ነው ካሉት ሰዎች ጋር የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ኸሪፉ፣ የሱዳን ክረምት፣ ገፋ፣ ማሽላው ጉልበት ደረሰ፣ እሱ ዝም አለ። እህቴ በየቀኑ ማታ ከማሽኑ ሥር ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። «ባትሪው አልቆበት ነው» ትላለች። ይህን ያህል ጊዜ ያለቀ ባትሪ አይቼ አላውቅም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ቀልዴን ዋጥኩት።

በዚህ መሃል ነው ስክሪፕቱን ላሻሽል የተነሳሁት። ምክንያቱም ስድስቱም ሰርቨሮች አንድ የይለፍ ቃል ነበራቸው፣ የገላባቱ ጠባቂ ደግሞ እንግዳ ለምኖት እምቢ ማለት ነውር ስለሚሆንበት ቃሉን ለግማሽ ከተማ አድሎት ነበር። እያንዳንዱን ቀየርኩ። አዲሶቹን ቃላት ወደ ስክሪፕቱ እየገለበጥኩ ሳለ ጎረቤቴ ሐጂ ገብተው ወሬ ጀመሩ። ሐጂ ከጎንደር መጥተው ጢማቸው ገዳሪፍ ላይ የሸበተ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው ወሬ ከጀመሩ ዝናብም ቆሞ ያዳምጣል። እያሳቅኳቸው፣ እያሳቁኝ ገልብጬ ጨረስኩ። ሁለት ነገርም ጨመርኩበት። መስኮቱ ካልተከፈተ ወዲያው ደጋግሞ እንዲያንኳኳ አዘዝኩት፤ እንዳይዝረከረክም በየሙከራው የቀድሞውን ጽሑፍ እንዲጠርግ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቴ ጠቅ አደረግኩ። አምስቱ ተከፈቱ። ስድስተኛው «መልስ የለም» የሚለውን መስመር ጻፈ፣ ጠረገ፣ እንደገና ጻፈ። ሶኬት የተነቀለበት ማሽን የሚሰጠው መልስ ነው፤ ከቱነይድባ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ስልኬን አየሁ። እህቴ አልደወለችም።

ሻዬን አስቀምጬ አሰብኩ። ሌላ ሰው ሞቶ ቢሆን ትደውል ነበር። ሳትደውል ያጠፋችው መደወል ያቃታት ለቅሶ ቢሆን ነው። እሷን መደወል የሚያቅታት አንድ ሞት ብቻ ነው ያለው። ሒሳቡ እንደ ውኃ ወረደልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በትክክል አስቤ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ተሳስቼ አላውቅም።

ለእሷ ልደውልላት አልቻልኩም። እናትን በስልክ «ልጅሽ ሞተ ወይ» የሚል ከየት ይመጣል። ከሻይ ቤቷ አጠገብ ፀጉር የሚቆርጥ ጎረምሳ ስላለ እሱ ዘንድ ደወልኩ።

«እህቴ ጋ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው፣ ባሽሙሃንዲስ።»

«ምንም ነገር የለም?»

ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል። «ምንም የለም። ግን ብትመጣ ጥሩ ነበር።»

«ለምን?»

«ስትመጣ እንነጋገራለን። በስልክ የሚሆን አይደለም።»

እኛ ሞት በስልክ አንነግርም። በአገራችን «ደህና ናቸው፣ ግን ብትመጣ» ካሉህ ጉድጓዱ ተቆፍሯል ማለት ነው። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ስልኩን ዘጋሁና ግድግዳ አየሁ። ባሽሙሃንዲስ የተባልኩት ሰውዬ ግን አንድ ነገር አልመጣልኝም፤ ያ ጎረምሳ ከቱነይድባ ሆኖ ያናገረኝ በምን ኔትወርክ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጠፋ ብዬ ባለቀስኩለት ማሽን በኩል ነበር ያወራነው።

ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ ወሬ አላበዙም። «ለቅሶ ብቻህን አትሄድም» አሉና የልጃቸው ባል ፒክአፑን ይዞ እንዲመጣ አስጠሩት። ሦስት ሆነን ወጣን። ላፕቶፔንም በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ነው የሚያቅፈው።

የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ መኪና ቀርቶ ሐሳብም አያሳልፍም። አንድ እርምጃ ስትራመድ ሄክታር መሬት ጫማህ ሥር ይዘህ ትነሳለህ። ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። ሐጂ «ቢካ» አሉት፣ ለቅሶ ማለታቸው ነው። የማን እንደሆነ ሲጠይቅ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ፣ «የእህቱ ልጅ፣ ወጣት ነው።» ወታደሩ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ መዳፎቹን ዘረጋ፣ ለሟች የሚባለውን ፋቲሓ ቀራ፣ ፊቱን አበሰና አሳለፈን። ፌስታሉን እንኳ አልነካም። ከዚያ በኋላ መኪናው በሰመጠ ቁጥር ሊገፋ የመጣ ገበሬ ሁሉ ሲሰማ መዳፉን ይዘረጋል። እስከ ቱነይድባ ድረስ ለዚያ ልጅ ፋቲሓ ያልቀራለት ማሽላው ብቻ ነው። እኔም በእያንዳንዱ «አሚን» ልጁን ትንሽ ትንሽ ቀበርኩት።

መንገድ ላይ መስጊድ ውስጥ አድረን ጎህ ሲቀድ ፒክአፑ ጨርሶ እምቢ አለ። የቀረውን በእግር ሄድን።

እህቴ ሻይ ቤቷን ገና መክፈቷ ነበር። ከሰል እያራገበች ቀና ስትል አየችን፤ ሦስት ወንዶች፣ ጭቃ እስከ ጉልበት፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ በመሃል። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ፣ ስለዚህ ሐዘንተኛ ከሰል እንደማያራግብ ልብ አላልኩም። ሐጂ ደግሞ ሐዘኗን ታውቃለች ብለው ሰላምታም ሳያስቀድሙ ሁለት መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

ማራገቢያው ከእጇ ወደቀ። አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ መዳፎቹን። ከዚያ የወጣውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም፤ ለማጋነን የተፈጠርኩት ሰውዬ እዚያ ላይ የምጨምርበት አጣሁ።

ተቃቅፈን አለቀስን። እኔ እሷ ታውቃለች ብዬ፣ እሷ እኔ አውቃለሁ ብላ።

ካምፕ ውስጥ ለቅሶ እስኪጠራ አይጠብቅም። ሴቶቹ ከየመጠለያው እየሮጡ መጡ፣ አንዷ ምንጣፍ፣ አንዷ ሸራ፣ አንዷ ስኳር ይዛ። የልጁን ቁመት፣ የልጁን ሳቅ እየጠሩ ያወርዱት ጀመር። አንዲት አሮጊት ከካምፑ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ በጭቃ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ ልጁን አይተውት አያውቁም፣ ግን ከሁላችንም በላይ አለቀሱለት። ፀሐይ ወጣ። እህቴ ድምፅዋ ተዘግቶ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ነጠላዋን በወገቧ አስረውላታል።

ዓይኔ እዚያ ነጠላ ላይ አረፈ። ነጠላው ወገቧ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። ማሽኑ ራቁቱን ነው፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

«እታለም» አልኳት ተጠግቼ፣ «ማሽኑን ለምን አላጠፋሽውም?»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች እንደ እብድ አዩኝ። «ተዉት፣ ሐዘን ነው» አለች አንዷ።

«መች አውቄ ላጥፋው?» አለች እህቴ በዚያ በተዘጋ ድምፅ። «አሁን አይደል የነገራችሁኝ?»

«እኛ? እኛ ልናስተዛዝንሽ ነው የመጣን። ማን ነገረሽ አንቺን?»

«እናንተ ናችሁዋ። እናንተንስ ማን ነገራችሁ?»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ቀስ ብለው «እኔን የነገርከኝ አንተ ነህ» አሉ።

ፀጉር ቆራጩ ከሰዎቹ ኋላ ቆሟል። ጠራሁት። «ብትመጣ ጥሩ ነበር ያልከኝ ለምንድን ነው?»

ልጁ ያን ሁሉ ሰው እያየ ከኪሱ ስልኩን አወጣ። «ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ነው፣ ባሽሙሃንዲስ። ከሩቅ ሆነህ አትሠራውም ብዬ ነው። ስላፈርኩ ነው እንጂ…»

ላፕቶፔን ከፌስታሉ አወጣሁና ምንጣፉ ላይ፣ ለቀስተኛ መሃል ከፈትኩት። እዚያው ከማሽኑ ሥር ሆኜ ገባሁ። ሰርቨሩ ላይ ደጅ ጠባቂ ፕሮግራም አለ፤ በተሳሳተ ቃል ደጋግሞ የሚያንኳኳ ሲመጣበት አድራሻውን መዝግቦ በሩን ይዘጋበታል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ሞተ ዝም ይለዋል። የተዘጋባቸውን አየሁ። አንድ ብቻ ነበር። የገዳሪፍ ክፍሌ አድራሻ። ስክሪፕቱን ስከፍት የዶካን ቃል ለቱነይድባም ጭምር ገልብጬዋለሁ። ያ ትጉህ ስክሪፕቴ በተሳሳተ ቁልፍ በሩን ሲደበድብ፣ ጠባቂው ሌባ ነው ብሎ ዘጋብኝ። የመጀመሪያውን «ቃሉ ስህተት ነው» የሚለውን መስመር ደግሞ ለንጽሕና ብዬ ያስጠረግኩት እኔው ነኝ። ካምፑ በሙሉ ሲያወራ የዋለውና ያደረው በዚያ ማሽን ነው፤ የተዘጋው ለእኔ ብቻ ነበር።

የተጀመረ ለቅሶን ማቆም የሰመጠ ፒክአፕ ከማውጣት ይከብዳል። ለግማሹ «ወሬ የለም፣ አልሞተም» ስንል ግማሹ አዲስ ይመጣል። ከሩቅ የመጡት አሮጊት ጭራሽ አልተቀበሉንም።

«እማማ፣ አልሞተም እኮ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳቸው።

«አንተ ተሳሳት፤ እኔ ምን አገባኝ» አሉ እንባቸውን ሳያቋርጡ። «ይህን ሁሉ ጭቃ መጥቼ ባዶዬን አልመለስም። ለራሴዎቹ ላልቅስ።» አለቀሱም። የሚከለክላቸው አልነበረም።

የሐጂን ፊት ማየት አልቻልኩም። መዳፋቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። «ዱዓ አይመለስም» አሉ በኋላ። «በሕይወት ላለም ይሆነዋል።»

እህቴ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ። ሰዉ ሲበተን ከሰሉን እንደገና ለማያያዝ ሞከረች፣ አልያያዝ አላት። እኔ አያያዝኩላት። እስቲ ላስቃት ብዬ «እንግዲህ እድሜ ይጨምርለታል፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው…» ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ» አለችኝ፣ «ሰው ሁሉ በዓይኑ ሲቀብርብኝ እኔ ይዤው ነበር። ባትሪው አለቀ እያልኩ። ዛሬ ግን የሐጂን መዳፍ ሳይ አመንኩ። በእጄ ቀበርኩት። አሁን አልሞተም ትለኛለህ። አልሞተም የሚልስ ማን ነገረህ? እንዴት አድርጌ ነው መልሼ የማወጣው?»

እውነቷን ነበር፤ ሞቷል ያለ አልነበረም፣ አለ ያለም አልነበረም። ስልኳን አውጥታ ለልጁ «አለህ?» ብላ ጻፈችለት። አንዲት ምልክት ብቻ ታየች፤ ተላከ እንጂ አልደረሰም። ስልኩን ገልብጣ ስኳሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ በፊት ገልብጣው አታውቅም።

ፒክአፑ እስኪወጣ ከእሷ ጋ ሰነበትኩ። የሻይ ቤቱን ሸራ ጠገንኩ፣ የጎረምሳውን ስልክ ባትሪ ቀየርኩለት፣ ስክሪፕቱንም አስተካከልኩ። አሁን አንድ ጊዜ ያንኳኳል፤ ካልተከፈተለት እንደ ጨዋ እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል፣ የተባለውንም አይጠርግም። ልሄድ ስል እህቴ ጠራችኝ።

«ያ መስኮትህ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

«ሰላምታ ይጽፋል። የማሽኑን ስም፣ ምናምን።»

«እኔ የምጽፈውን እንዲያሳይህ አድርገው።»

አደረግኩላት። በስልኳ የምትጽፈው ሁሉ እኔ ገዳሪፍ ሆኜ መስኮቱን ስከፍት ከላይ ይመጣል። አንድ እንከን ብቻ አለው። ጥቁሩ መስኮቴ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። ለማንበብ ገልብጬ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ አለብኝ። የመጀመሪያው ቀን ለጠፍኩት። «ለቅሶ የለም። ወሬም የለም» ይላል። በማግስቱም ያው። ከዚያ በኋላ መለጠፉንም ተውኩት፤ የሳጥኖቹን ርዝመት ለመድኩት። አጭር ሰልፍ፣ ክፍተት፣ እንደገና አጭር ሰልፍ። ያቺን ሰልፍ ሳላይ ሻይ አልቀዳም። አምስቱ መስኮቶች ተከፍተው ስድስተኛው እስኪከተል ባለችው ቅጽበት ግን ዛሬም ሐሳቤ ያን የኬላ መንገድ ይሄዳል።

ማሽላው ማዘርዘር ሲጀምር አንድ ጠዋት ስድስተኛው መስኮት ተከፈተና ሳጥኖቹ አላቆም አሉ። አንድ መስመር ሞሉ፣ ወደ ሁለተኛው ወረዱ፣ ሦስተኛውን ጀመሩ። ሐጂ በር ላይ ቆመው የሰሊጥ ዋጋ ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ፊቴን አይተው ዘጉት። ረጅም ነገር የሚጻፈው ለክፉም ለደግም ነው። ሁለቴ ስቼ ገለበጥኩት፣ ኖትፓድ ላይ ለጠፍኩት።

«ትናንት በሰው ስልክ ደወለ። የእሱን ወስደውበታል። ድምፁ ከስቷል። የት እንዳለ አልነገረኝም፣ በእግር ነን አለ፣ ከዚያ ተቋረጠ። ለቅሶውን አልነገርኩትም፣ አንተም እንዳትነግረው። ስትመጣ ብቻህን ና፣ በቀትር ና፣ ከሩቅ እየሳቅክ ና።»

ለሐጂ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መዳፎቻቸውን ሊዘረጉ አነሱና መሃል ላይ ያ ማለዳ ትዝ አላቸው፤ ኪሳቸው ከተቱት።